ብርድ እንዳይመታት ያሞቅኋት ቴሌስኮፕ

የዚያን ሐሙስ ማታ እኛ ግቢ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ አስቀድሜ ልናገር። እኔ ነበርኩ። ከአሰላ ሳጉሬ ሚኒባስ የሚነዳው ባለቤቴ ከድር ነበረ። ሚኒባሷም ነበረች፤ መኪና ናት ብላችሁ አትለፏት፣ ኋላ ጥፋት ትሠራለች። አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ፈቲያ ነበረች። ጎረቤታችን አዴ መርየማ ነበሩ፤ አዴ ማለት በእኛ አገር እናት እንደ ማለት ነው፤ አጥራችን አንድ ስለሆነ የእኛ ቤት ጉዳይ ከእኛ ቀድሞ የሚገባው ለእሳቸው ነው። ባለቤቴን በኩርኩም፣ ልጄን ያለ ኩርኩም ያስተማሩት ጡረተኛው የሳይንስ መምህር ጋሽ ግዛው ነበሩ። በከረጢት አሥር ኪሎ ያህል ገብስ ነበረ። ደግሞም በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ በሻሽ ታስራ፣ ከከሰል ምድጃ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ቴሌስኮፕ ነበረች። የጠቀለልኳት እኔ ነኝ። ሳልደበቅ ከወዲሁ ብናገር ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሽ ግዛውን ሁለት ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሐዋሳ ልብስ የምትሰፋው ልጃቸው «ይምጡና ይታከሙ፤ ከዚያም አብረን እንኑር» እያለች ስትለምናቸው ከርማ በመጨረሻ እሺ አሉ። መሄጃቸው ዓርብ ጠዋት ሆነ። ቴሌስኮፗን ግን ቀደም ብለው መስከረም ላይ ለፈቲያ ሰጥተዋት ነበር። «እኔ ዓይኔ ሲደክም እሷ አብራኝ ጥግ ይዛ መቀመጥ የለባትም» ብለው ነው የሰጧት። ሲሰጧት አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ከአሰላ ከመውጣቴ በፊት ሳተርንን ከነቀለበቷ አንድ ጊዜ አሳዪኝ።»

ፈቲያ ቃል ገባች። ከዚያ በኋላ እጇ ሰሃኑ ላይ ሆኖ «እማ፣ ደመና ከሆነስ?» ትለኛለች። እንጨት ስታቀብለኝ «እማ፣ ዓይናቸው እምቢ ቢልስ?» ትለኛለች። እኔ እንደሆንኩ ለአንድ ቀበሌ የሚበቃ ስጋት የተሸከምኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ፍሬን፣ ልጄ ፈተና፣ ጣራው ዝናብ፣ አዴ መርየማ ደም ብዛት አለባቸው። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ሳተርን ተጨመረችብኝ።

እውነቱን ለመናገር ቴሌስኮፗን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈርቻታለሁ። ቁመቷ የአምስት ዓመት ልጅ ያህላል፣ ሰማያዊ ናት፣ ሦስት እግር አላት። ጋሽ ግዛው ሲያስረክቡን «ወደ ፀሐይ በፍጹም እንዳታዞሯት፤ በአንድ አፍታ ዓይን ታጠፋለች» አሉ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ቀን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆማታለሁ። ቤቴ የገባ እንግዳ ሁሉ «ምን አጥፍታ ነው የተቀጣችው?» ብሎ ይጠይቃል። መስኮቱንም በመጋረጃ እጋርዳለሁ። ፈቲያ «እማ፣ ፀሐይ በዚያ በኩል አትወጣምኮ» ብትለኝም ፀሐይ አንድ ቀን ብትሳሳትስ? ማታ ማታ ሁሉም እየተሻማ ሲያይባት እኔ አንድም ቀን ዓይኔን አላስጠጋሁም። አንዴ ወጥ አረረብኝ፣ አንዴ ዓይኔ ውስጥ ጉድፍ ገባኝ፣ አንዴ ስግደት ደረሰብኝ እያልኩ ሰባት ሳምንት አመለጥኩ።

ጋሽ ግዛው ከቴሌስኮፗ ጋር አንድ ወረቀት ሰጥተውን ነበር። «ቴሌስኮፕ ብቻዋን ብዙም አትሠራም፤ ረዳት ዕቃ ትፈልጋለች» ብለው፣ ለደከመ ዓይናቸው እንዲታያቸው ፊደሉን እንደ ሱቅ ማስታወቂያ አግዝፈው ጻፉት። ወረቀቱ አራት ነገር ይላል። መጀመሪያ፣ ዓይን የሚጠጋባት አውራ ጣት የምታህል ቱቦ አለች፣ ፈቲያ አይፒስ ትላታለች፤ ሁለተኛ አይፒስ ብትገኝ ጥሩ ነው፣ ግን ሰፋ አድርጋ የምታሳይ እንጂ ብዙ የምታጎላ እንዳትሆን። ቀጥሎ፣ እግሮቿ እንዳይንቀጠቀጡ ከመሐላቸው ክብደት ይንጠልጠል። ከዚያ ቀይ መብራት፤ ነጭ መብራት ጨለማ የለመደውን ዓይን ያበላሻል። በመጨረሻም፣ ከጤዛ ጠብቋት።

እኛም ሥራውን ተከፋፈልን። መከፋፈላችን ነው ያጠፋን።

አይፒሷን ባለቤቴ ወሰደ። አዳማ የሚመላለስ ጓደኛውን ልኮ አስመጣ። አንድ ማታ በኩራት ገብቶ ትንሽ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ካርቶኑ ላይ በወርቃማ ቀለም ስድስት መቶ ተብሎ ተጽፏል።

«ስድስት መቶ እጥፍ!» አለ። «በዚህች ከታየ ሳተርን ላይ ሰው ካለ የማን ልጅ እንደሆነ ይለያል።»

«አባ፣ ብዙ የምታጎላ አትሁን ብለዋልኮ» አለች ፈቲያ።

«እሳቸው ይቺን ስላላዩ ነው።»

ገና አልመሸም ነበርና ወደ ጭላሎ ተራራ አነጣጠሩ። ከድር ዓይኑን አስጠግቶ ብዙ ቆየ። አዴ መርየማ ከአጥሩ ማዶ መታገስ አልቻሉም።

«ከድር፣ ምን ይታይሃል?»

«ጉም።»

«ጉሙንማ እኔም ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።»

«የእርስዎ ተራ ጉም ነው፤ ይኼ ስድስት መቶ እጥፍ ነው!»

ጋሽ ግዛው ሲነገራቸው ሳቁ። «ከድር ክፍል ውስጥም እንዲህ ነበር፤ ጥያቄውን ሳያነብ መልሱን ይጽፋል። ልጄ፣ የጠራ ነገር እንጂ የተለጠጠ ነገር ምን ያደርግልናል? የድሮዋ አይፒስ ትበቃናለች» አሉ። ስድስት መቶዋ አሁን በቡፌያችን ላይ ከፍንጃሎቹ ጋር ተቀምጣለች፤ ከድር እንግዳ ሲመጣ ያሳያል።

እኔ በበኩሌ ወረቀቱ ላይ የሌለ አምስተኛ ዕቃ ፈለግኩ። ልጄ ዓይኗን ከዚያ ቀዳዳ ጋር ባታጣብቅ ደስ ይለኛልና በእሷ ፋንታ ስልክ ቢያይስ አልኩ። ዋናው መንገድ ላይ የስልክ ዕቃ ወደሚሸጠው ሰውዬ ሄድኩ።

«ስልክን ቴሌስኮፕ ላይ የሚያስር ነገር አለህ?»

«ማዘር፣ ስልኩ ምን አጥፍቶ ነው የሚታሰረው?»

«ሳተርንን እንዲያይ።»

ሰውዬው ከጓዳ ሞተር ሳይክል ላይ ስልክ የሚይዝ ብረት አመጣ። «ይኼ ጉድጓድ አይበግረውም፤ ሰማይ ላይማ ጉድጓድ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ይዤው ሄድኩ። ፈቲያ በላስቲክ አስራ ሞከረችው። ከአሥራ ሁለት ፎቶ አሥራ አንዱ ጥቁር ነው፣ አንዱ የአዴ መርየማ አፍንጫ ነው። ግን አፍንጫው በጣም ግልጽ ወጥቷል።

የእግሯ ክብደት ግን ተሳካልኝ። እኔ በቆጂ ዘመዶቼ ጋ የሚበቅለውን ገብስ አስመጥቼ በሶና ጭኮ አዘጋጅቼ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ክብደት ከቤቴ አይጠፋም። አሥር ኪሎ ያህል ገብስ በከረጢት ከትቼ ከሦስቱ እግሮች መሐል አንጠለጠልኩት። ጋሽ ግዛው እግሯን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ይኼን ያሰበው ማነው?» ሲሉ «እኔ ነኝ» አልኩ። «ጎበዝ!» አሉኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ መምህር ጎበዝ ብሎኝ አያውቅምና ጎበዝነቴ ራሴ ላይ ወጣ። የአራተኛውን ተራ ቁጥር ጣጣ ያመጣው ይኼው ጎበዝነት ነው።

ከጤዛ ጠብቋት ነው የሚለው። የጥቅምትን ጤዛ የአሰላ ሰው ያውቀዋል፤ ማታ ውጭ የረሳችሁት ልብስ ጠዋት ብቻውን ይቆማል። እኔ ደግሞ መጠበቅ የምችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ማሞቅ ነው። ፈቲያን ያሳደግኳት ሦስት ሹራብ ደራርቤ ነው። በር ተከፍቶ ንፋስ ከገባ የምዘጋው እኔ፣ ጀርባዋን የማለብሳት እኔ፣ ላቧ ሳይደርቅ እንዳትወጣ የምጮኸው እኔ። ልጅን ብርድ ከመታ መስታወትን አይመታም ያለው ማነው?

ሐሙስ ፈቲያ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ጋሽ ግዛውን ልታመጣ ሄደች። እኔ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ ዝግጅት ላይ ነበርኩ። ሐሙስ ጾም ስላልሆነ ለጋሽ ግዛው ጭኮ በቅቤ አሸሁ። ከዚያ ቴሌስኮፗን አየኋት። ስነካት ብረቷ ቀዝቅዟል። ብርድ ልብስ አመጣሁ፣ ጠቀለልኳት፣ እንዳይወድቅባት በሻሼ አሰርኩት፣ የከሰል ምድጃውን አስጠጋሁላት። ሦስት ሰዓት ሙሉ አሞቅኋት። በየመሐሉ እጄን በብርድ ልብሱ ሥር አስገብቼ ስዳስሳት ልክ ትኩሳት እንዳለው ልጅ ሆናለች። ደስ አለኝ።

ጋሽ ግዛው በፈቲያ ክንድ ተደግፈው ገቡ። ረዥም ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ኪሱ ውስጥ ዛሬም ጠመኔ አይጠፋም። ወንበር አመጣን፣ ጭኮ ቀመሱ። አዴ መርየማ መግሪብ ሰግደው መቁጠሪያቸውን እንደያዙ መጡ።

«ባርሲሳ» አሉ፤ ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ነው። «ምድሩን አይተው ጨረሱና ሰማይ ጀመሩ?»

«ምድሩንማ ለእርስዎ ትቼው ነው፤ ከእርስዎ ዓይን የሚያመልጥ ምን አለ?»

አዴ መርየማ ይኼን እንደ ምርቃት ተቀበሉት።

በዚህ መሐል ቀይ መብራት የተመደበለት ከድር ጠፋ። እኔ የእጅ ባትሪ በቀይ ጨርቅ ይጠቀልላል ብዬ ነበር። የግቢው በር ሲንኳኳ ከፈትኩ፤ ሚኒባሷ በጀርባዋ እየገባች ነው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ቀይ መብራት አልተባለም? ከዚች ኋላ የበለጠ ቀይ ከየት ይመጣል?»

«ግራ! ወደ ግራ! አጥሬን!» አዴ መርየማ ጮኹ። ሚኒባሷ አጥራቸውን ለመሳለም ያህል ነካ አድርጋ ቆመች። ከድር የኋላ መብራቷን እንደበራ ትቶ ሞተሩን አጠፋ። ግቢው ቀላ፣ እኛም ቀላን፤ አዴ መርየማ «ያ ረቢ! በርበሬ የተነሰነሰብን እኮ ነው የምንመስለው» አሉ። ጋሽ ግዛው ብዙ ባይታያቸውም ቅላቱ ታይቷቸው ኖሮ ከት ብለው ሳቁ።

ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ፣ ኮከቦቹ ወጡ። እኔ ብርድ ልብሱን ሰው ሳያይብኝ ገፍፌ ቴሌስኮፗን አወጣኋት፤ ገብሱ ተንጠለጠለ፣ ፈቲያ አነጣጠረች።

«እማ!» አለች። «እየፈላች ነው!»

«ማን?»

«ሳተርን! እንደ ሽሮ እየፈላች ነው፤ ቀለበቷም አይለይም!»

ከድር አየና «እውነት ነው፣ ትንተከተካለች» አለ። «ስድስት መቶዋን ላምጣ?»

«አባ!»

ፈቲያ አይፒሷን ነቀለች፣ ጠረገች፣ መለሰች። አሁንም ትፈላለች። ጭላሎን ዞር ብዬ ባይ አናቱ ላይ ደመና ተቀምጧል፤ ደግሞም ወደ እኛ እየመጣ ነው። የዛሬው ማታ ካለፈ ነገ የለም፤ ነገ ጠዋት ሰውዬው ሐዋሳ ናቸው።

ጋሽ ግዛው ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። የቴሌስኮፗን ጀርባ ዳሰሱ። እጃቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ።

«ይቺ ቴሌስኮፕ ታማለች እንዴ? ትኩሳት አላት።»

አራቱም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሽ ግዛው ሳይቀሩ፣ ሳያዩኝ፣ ዞሩ።

«ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነው» አልኩ። «ትንሽ ከሰል ዳር ነበረች። ትንሽ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ።»

«እማ!» ይኼ «እማ» ከሌሎቹ ሁሉ ይረዝማል።

ጋሽ ግዛው ግን አልተቆጡም። «የፈቲያ እናት፣ ይቺ ልጅ ብርድ ነው የሚስማማት። ውስጧ ሙቅ፣ ውጭው ቀዝቃዛ ሲሆን በሆዷ ውስጥ አየሩ ይተራመሳል፤ የፈላው ሳተርን አይደለም፣ የእኛው የአሰላ አየር ነው። እንደ ውጭው እስክትቀዘቅዝ መጠበቅ ነው» አሉ።

«ስንት ይፈጃል?»

«ካሞቅሻት አንፃር...» ብለው ቃሉን ሳይጨርሱ ወደ ጭላሎ አቅጣጫ ፊታቸውን አዞሩ። ደመናው ባይታያቸውም ነፋሱን ያውቁታል።

ጥፋቴ ነውና እኔው ልክሰው አልኩ። ወደ ውስጥ ሮጥኩና ያንኑ ከሰሉን ያራገብኩበትን ማራገቢያ ይዤ ተመለስኩ። ቴሌስኮፗን ማራገብ ጀመርኩ። በቀኝ አራገብኩ፣ በግራ አራገብኩ፣ ዞሬ ከኋላዋ አራገብኩ። አዴ መርየማ ሳቃቸውን በሻርፓቸው አፈኑ፤ መቁጠሪያቸው ግን እየተንቀጠቀጠ ያሳብቅባቸዋል።

«አትሳቁ» አሉ ጋሽ ግዛው። «ትላልቆቹ ቴሌስኮፖች ማቀዝቀዣ ማራገቢያ በኤሌክትሪክ ተገጥሞላቸው ነው የሚሸጡት። የፈቲያ ብቻ በእናት ይሠራል።»

እንዲህ አድርጌ እኔም ከረዳት ዕቃዎቿ አንዷ ሆንኩ። ትከሻዬ እስኪዝል አራገብኩ። ደመናው ግማሽ ሰማይ ሲይዝ ፈቲያ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና አላለችም።

«ቆመች» አለች በሹክሹክታ። «ቀለበቷ ተለየ። ጋሽዬ! ጋሽዬ ይምጡ!»

እየሮጠች ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች። እኔ ደግሞ በዚያች አፍታ ማራገቢያውን ባይ የከሰል አመድ ለብሷል፤ ስንት አመድ በመስታወቷ ላይ እንደበተንኩ አስቡት! አመድ እንዳይገባባት ብዬ ክዳኗን ከኪሴ አውጥቼ የፊት አፏን ደፈንኩት። ጥንቃቄ ነው። እጄ ከእኔ ቀድሞ ይጠነቀቃል።

ጋሽ ግዛው ጎንበስ አሉ። ዓይናቸውን አስጠጉ። ፈቲያ ትከሻቸውን ይዛ አንድም ነገር አልተናገረችም። ከድር አልተናገረም። አዴ መርየማ እንኳ አልተናገሩም። ብዙ ቆዩ።

«አየኋት» አሉ። «ቀለበቷም በቦታው ነው። ተባረኪ ልጄ፣ ቃልሽን ጠበቅሽ።»

ፈቲያ እንደ ሕፃን ዘለለች። ከድር አጨበጨበ። እኔም ልዘልል ስል ወደ ቴሌስኮፗ አፍ ዓይኔ ሄደ። ክዳኑ እንዳለ ነው።

ምንም አልታያቸውም። ክዳኑ ባይኖርም ብዙ የሚታያቸው አልነበረም ማለት ነው፤ ያን ጨለማ የዓይናቸው ጨለማ መስሏቸው፣ ልጄ እንዳታዝን ብለው ነው አየኋት ያሉት። እኔ ምን ላድርግ? «ክዳን ነበረበት» ብል ሰውዬውን በልጅ ፊት ላዋርድ ነው። ዝም ብል እንዲሁ ሳያዩ ሊሄዱ ነው። አቧራ እንደምጠርግ መስዬ ወደ ፊት ሄድኩና ክዳኑን ነቅዬ በሻርፔ ሥር ደበቅኩት። ከዚያ በሕይወቴ አስቤ የማላውቀውን ተናገርኩ።

«ጋሽ ግዛው፣ እኔ ይቺ ዕቃ ቤቴ ከገባች ጀምሮ አይቼባት አላውቅም። አሁን ልይና ትክክል ማየቴን እርስዎ ይፈትኑኝ።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። የገባቸው መሰለኝ።

«ተፈተኚ» አሉኝ፤ ቀስ ብለው።

ቢስሚላህ ብዬ ዓይኔን አስጠጋሁ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት አየሁ። ከዚያ መጣች።

«ምን ታያለሽ?»

«ትንሽ ናት። በጣም ትንሽ ናት፣ ጋሽ ግዛው። ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ቢጫ ናት፤ የተነጠረ ቅቤ ሲረጋ እንደሚሆነው ያለ ቢጫ።»

«ቀለበቷስ?»

«እንደ ሰፌድ ሆኖ በወገቧ ዞሯል።»

«ሰፌዱ ይነካታል?»

አጥብቄ አየሁ። «አይነካትም። በመሐላቸው ጥቁር ክር የመሰለ ክፍተት አለ። ሳይነካት ይዟታል።»

«ዘንበል ብሏል ወይስ ቀጥ ብሏል?»

«ስንዴ ስናነፍስ ሰፌዱን ዘንበል እንደምናደርገው ነው።»

ትንፋሻቸው ሲረዝም ሰማሁ። «ከአጠገቧ ነጥብ የምታህል ብርሃን ፈልጊ።»

«አለች! ወደ ጎን፣ ራቅ ብላ።»

«ታይታን ትባላለች። ጨረቃዋ ናት።»

«ልጇ ናታ። ደግማ ደጋግማ ዞር ብላ ነው የምታያት፤ ብርድ እንዳይመታት።»

ሁሉም ሳቀ፣ ጋሽ ግዛው ግን አልሳቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ ይኼን ጥያቄ ፈተና ላይ አወጣሁ» አሉ። «ከድር እንኳ ‹ክብ ናት› ብሎ ብቻ ነው የጻፈው። የፈቲያ እናት፣ ሙሉ አግኝተሻል።» ከዚያ ለራሳቸው ይመስል «አየኋት» አሉ። ይኼኛው «አየኋት» ከፊተኛው ጋር አንድ አልነበረም። ወዲያው ደመናው መጥቶ ሰማዩን ዘጋው፤ የፈለገውን ይዝጋ።

ከመሄዳቸው በፊት ጋሽ ግዛው የልጃቸውን ስልክ ቁጥር በዚያው ግዙፍ ጽሕፈታቸው ጽፈው ሰጡኝ። እሳቸው ስልክ አይዙም፤ «ከሳተርን በላይ የሚረብሸኝ እሱ ነው» ይላሉ። ወረቀቷ እንዳትጠፋ አጥፌ አጥፌ ከማይነካ ቦታ፣ ከገብሱ ከረጢት ውስጥ ወደ ታች ጥልቅ አድርጌ ቀበርኳት።

ጠዋት ከድር ወደ መናኸሪያ ሊያደርሳቸው ሚኒባሷን ሊያስነሣ ቢል እምቢ አለች። ያ ቀይ መብራት ሳይጠፋ አድሮ ባትሪዋን ጨርሶታል። ፈቲያ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ አዴ መርየማ በመሐል ሆነን ገፋን፤ አዴ መርየማ አንድ እግር በተራመዱ ቁጥር ከድርን አንድ ጊዜ ይሰድቡታል። ጋሽ ግዛው ከፊት ወንበር ሆነው ጭኳቸውን አቅፈው «አንድ! ሁለት! ሦስት!» ይላሉ፤ ዓርብ ነውና ጭኮውን ቅዳሜ ነው የሚበሉት። አውቶቡሱ ላይ ልናደርሳቸው የደረስነው ጥሩንባ ሲነፋ ነው። ደህና ሁኑ እንኳ በወጉ አልተባባልንም። በመስኮት የፈቲያን እጅ ይዘው «ያየሽውን ጻፊ፣ ቀኑንም ጻፊ» አሏት፤ አውቶቡሱ ሄደ።

ስንመለስ ፈቲያ በመንገድ «እማ፣ ክዳኑን ከማንሣትሽ በፊት አይቼው ነበር» አለችኝ። «ጋሽዬ እንዳይከፋቸው ብዬ ነው የዘለልኩት።» አዴ መርየማ ከኋላ ወንበር ሆነው «እኔስ? ዓይን የለኝም?» አሉ። ከድር ብቻ ምንም አላወቀም፤ እስከ ዛሬም «ምን ክዳን?» ይላል።

ቅዳሜ ትዕዛዝ መጥቶብኝ የተቆላ ገብስ ሁሉ ወፍጮ ቤት ሄደ። የቤቱን ገብስ የሰበሰበው ከድር ነው፣ ከረጢቱን አራግፎ የሰጠውም እሱ ነው፤ ወረቀቷን እዚያ የቀበርኩት ግን እኔ ነኝ። ትዝ ሲለኝ ዱቄቱ ተመልሷል። በወንፊት ነፋሁት፣ ፈቲያ ደግማ ነፋችው፤ ቁጥር የሚመስል ነገር አልተገኘም። በዚያ ሳምንት በሶ ስንበላ ማንም ቀና ብሎ አልተያየም።

ከዚያ ወዲህ የነበሩበት ቤት አከራይ ጠየቅን፣ የድሮ ባልደረቦቻቸውን ጠየቅን፤ ሐዋሳ መሆናቸውን እንጂ የት ሰፈር መሆናቸውን የሚያውቅ የለም። ፈቲያ ደብተሯ ሊያልቅ ነው፤ ቀን እየጻፈች ያየችውን ሁሉ መዝግባለች። ቴሌስኮፗ አሁን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ማታ ያለ ብርድ ልብስ ውጭ ትቆማለች። እኔም በመስኮት እያየኋት እጄ ወደ ብርድ ልብሱ ቢሄድም አልብሼያት አላውቅም።

ሐዋሳ ያላችሁ፣ ወይም ወደዚያ የምትሄዱ፣ ረዥም ሰማያዊ ካፖርት የሚለብሱ፣ ኪሳቸው ውስጥ ጠመኔ የማይጠፋ፣ ግዛው የሚባሉ ከአሰላ የመጡ ሽማግሌ መምህር ካጋጠሟችሁ እባካችሁ ወሬያቸውን ላኩልን። ደህና ናቸው? ዓይናቸውስ ተሠራ?